እናቴን ይዤ ፍጥሞ አካባቢ፦ ግፊያ የሌለባት የግሪክ ደሴት የምታውቁ?

ሆጤ ሰፈር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነው የምጽፈው። ታናሽ እህቴ አቴንስ ስትኖር ብዙ ዓመቷ ነው፤ አሮጊት ታስታምማለች። ዘንድሮ ወረቀቷ ስላለቀላት "እማዬን ይዘሽልኝ ነይ፣ አንድ ሳምንት ደሴት ወስጄ ላሳርፋችሁ" እያለች ትወተውተኛለች። የላከችልኝ ፎቶ የሳንቶሪኒ ነው። ነጭ ቤት፣ ሰማያዊ ጉልላት፣ ደረጃው ላይ ሰው በሰው ላይ። የበዓል ዋዜማ ሰኞ ገበያ በሉት። እማዬ ስልኩን ከዓይኗ ራቅ አድርጋ አየችውና "ለግፊያማ እዚሁ አለልኝ" አለች።

እሷ የምታውቀው የግሪክ ደሴት አንድ ነው፤ ፍጥሞ። "ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን አሳዩኝና ሌላው ይቅርብኝ" ትላለች። እህቴ ደግሞ እዚያም ትልልቅ የቱሪስት መርከብ ይመጣል አለችኝ። የምፈልገው ሙዚቃ የማይደልቅበት፣ ጉልበቷን የሚያማት ሴት ብዙ ደረጃ የማትወጣበት ቦታ ነው። በጾም ቀን ምን እንበላለን? መቼስ ይሻላል? ጉግል አድርጊ የምትሉኝ እለፉኝ፣ አድርጌያለሁ።

ጦሳ ስር፦

ከደሴ ወደ ደሴት! አንዲት "ት" ለመጨመር ይህን ሁሉ ዩሮ? ሐይቅ እስጢፋኖስ አፍንጫችሁ ስር አይደል እንዴ።

ሆጤ ሰፈር፦

ወንድሜ፣ የወንዶቹ ገዳም ሴት እንደማይገባ ረሳኸው? እማዬ ዕድሜዋን ሙሉ ከሩቅ ነው የተሳለመችው።

የኪፕሴሊዋ፦

እህቴ አብሽሪ፣ ያልሽው ቦታ አለ። ሊፕሲ ትባላለች። ከፍጥሞ በመርከብ አንድ ሰዓት አይሞላም። ፍጥሞን እነሱ ፓትሞስ ነው የሚሉት፤ ቲኬት ስትቆርጡ እንዳትደናገሩ። እኔ አቴንስ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነው የተመለስኩት፤ አሁን እዚሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ነኝ። የማስታምማቸው አሮጊት የሊፕሲ ሰው ስለነበሩ ሦስት ክረምት አብሬያቸው እዚያ ከርሜያለሁ። ክረምት ያልኩት የእኛን ነው፤ እዚያ ጠብታ አይጥልም።

ነዋሪው ወደ 800 ሰው ቢሆን ነው። አውሮፕላን አያርፍባትም፤ ፍጥሞም ላይ አያርፍም። ከአቴንሱ ፒሬዎስ ወደብ እስከ ፍጥሞ የመርከቡ ጉዞ ከ7 እስከ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ የምትደርሱት ሌሊት ነው። አድካሚ ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ጸጥታዋን የጠበቀላት ይኸው ድካም ነው። ሊፕሲ ላይ ወደቡም ዳቦ ቤቱም ባሕሩም በእግር ይደረሳል። ከቀትር በኋላ ሰው ሁሉ ይተኛል። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ሞቶ ለቀብር የሄዱ መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ማደሪያችሁን ሊፕሲ አድርጉና ፍጥሞን አንድ ቀን ደርሳችሁ ተመለሱ። ቀኑን ስትመርጡ ወደቡ ላይ ትልቅ መርከብ የሚቆምበት እንዳይሆን የቤቱን ባለቤት ጠይቁ። በጠዋት ድረሱ፤ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ዋሻም ገዳሙም ከሰዓት የሚዘጉበት ቀን ብዙ ነው። ዋሻው ከወደቡ ወደ ላይኛው ከተማ ስትወጡ መሐል መንገድ ላይ ነው፤ አውቶቡስና ታክሲ ይወስዳችኋል። ወደ ውስጥ ግን በደረጃ ነው የሚወረደው፤ እማማን ቀስ አድርገሽ ያዣት። የዋሻው ጣሪያ አለት ሦስት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ድምፁ የመጣው በዚያ ነው ይላሉ። ዮሐንስ ራሱን ያሳርፍበት ነበር የሚሉት ጎድጓዳ ዙሪያው በብር ተለብጧል። እኔ እዚያ ቆሜ ምንም ጸሎት አልመጣልኝም፣ እንባ ብቻ። ላይ ያለው የዮሐንስ ገዳም በፈረንጅ 1088 የተመሠረተ ነው። ሴት ይገባል፤ ለእማማ ይህንን ንገሪልኝ። ነጠላዋን ትልበስ፣ ከዚያ በላይ አይጠይቋትም። በቁርባን አንድ አይደለንም፤ ጧፍ አብርቶ መጸለይ ግን ማንም አይከለክልም። አሸዋ የተሞላ ትሪ ላይ ነው የሚተክሉት።

አንድ ጉድ ልንገርሽ። ሊፕሲ ላይ አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እንደ አገራችን ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ስወጣ የለም! በዚያ ጠራራ ፀሐይ ድንጋዩ ያቃጥላል፤ እየዘለልኩ ወረድኩ። ለካስ አንዲት አሮጊት ቱሪስት ረስቶት ሄዷል ብላ በፌስታል ጠቅልላ ዳቦ ቤቱ ጋ አስቀምጣልኛለች። እነሱ ጫማቸውን አያወልቁም። ከዚያ በኋላ ዳቦ ልገዛ ስሄድ ሁሉ እግሬን አይተው ይስቃሉ።

ምግብ፦ "ኒስቲሲሞ" የሚል ቃል ያዢ፤ የጾም ማለት ነው። እነሱም ረቡዕና ዓርብን ስለሚጾሙ ወዲያው ይገባቸዋል። ነገር ግን በጾማቸው ኦክቶፐስና ስኩዊድ ይበላሉ። እማማ ፊት ስምንት እግር ያለው ነገር እንዳይቀርብ ቀድመሽ ተናገሪ። ፋቫ እዘዙ፤ ክክ ተቀቅሎ ልሞ፣ ከላይ ቀይ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት። አልጫ ሽሮ ማለት ነው። (የሳንቶሪኒው ፋቫ እንዲያውም የጓያ ዘመድ ነው፤ እዚያ ብርቅ ተደርጎ በውድ ይሸጣል።) ሆርታ የሚሉት ደግሞ የተቀቀለ ጎመን በሎሚ ነው። ሚጥሚጣ ይዛችሁ ሂዱ።

ወቅቱ ላይ ግን አደራ። በሐምሌና በነሐሴ ሜልተሚ የሚባል የሰሜን ነፋስ አለ። ሲብስበት መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ይከለከላል፤ በቃ፣ ማንም ምንም አያደርግም። እኛን ሁለት ቀን አስሮን የአሮጊቷ የሐኪም ቀጠሮ አመለጠን። ስለዚህ የመመለሻ በረራችሁ ከደሴቲቱ በወጣችሁ ማግስት እንዳይሆን። አቴንስ ላይ ሁለት ቀን ትርፍ ያዙ። ለእኔ ግንቦት ወይም መስከረም ነው።

ነሐሴ የሚያስመኘው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ሊፕሲ ላይ አንዲት የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ሥዕሏ ሕፃኑን ሳይሆን የተሰቀለውን ክርስቶስን ታቅፋ ነው። ክብረ በዓሏ በእኛ ነሐሴ 17 ነው፤ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት። የደረቀ አበባ ይለመልማል ብለው ያምናሉ። ግን ያን ቀን አልጋ ፍለጋ አያድርግሽ።

ቦርከና፦

ኮምቦልቻ ነኝ፣ መርከብ ላይ ነው የምሠራው። እህት ሁሉንም ብላዋለች፤ እኔ የወረቀቱን ልጨምር። ሸንገን ቪዛ ነው፤ ግሪክ ኤምባሲ አዲስ አበባ አለ። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፤ 15 ቀን ሲቀረው ግን መስኮቱ ይዘጋል። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ከተከለከላችሁ አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና ኢንሹራንስ ይጠይቃሉ። ቪዛው ሳይመታ የማይመለስ ትኬት እንዳትቆርጡ። እኔ አንዱ ደላላ "አልቋል በለው" ብሎኝ ለወንድሜ ቆርጬ በልቶኛል።

ቲኬት ላይ 15:00 ካለ የእኛ ቀን ዘጠኝ ሰዓት ነው። በእነሱ በጋ ሰዓታችን እኩል ስለሆነ የእማማን ሰዓት አትንኩት።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሌሮስ የምትባል ደሴትም እዚያው ናት። ላኪ የምትባል ወደቧን ጣልያን በ1930ዎቹ የሠራት ናት፤ እነዚያን ደሴቶች ከ1912 ጀምሮ ይዞ ነበር። ክብ ክብ ማዕዘን፣ ሰፊ መንገድ። እኔ የራሳችንን የጣልያን ቤቶች ነው ያስታወሰችኝ።

ሆጤ ሰፈር፦

እህት ዓለም፣ ቦርከና፣ እግዜር ይስጣችሁ። መስከረም ጥሩ ነበር፤ እማዬ ግን መስቀልን እዚህ ሳታከብር ንቅንቅ አትልም። ጥቅምት መጀመሪያ ይመሽብናል?

የኪፕሴሊዋ፦

አይመሽም። ከመስቀል ማግስት ውጡ። ጥቅምት እየገፋ ሲሄድ ነው ማደሪያዎቹ መዝጋት፣ መርከቡም መሳሳት የሚጀምረው። የማታ ሹራብ ያዢላት።

ሆጤ ሰፈር፦

የጻፋችሁትን ቡና ላይ አነበብኩላት። ዋሻው ጋ ስደርስ ዝም አለች። ከዚያ "ጫማዬንማ አወልቃለሁ፤ ፌስታሉን እኔው ይዤ እሄዳለሁ" አለች።