ሸለምጥማጥ ዶሮዎቼን ፈጀብኝ፣ አጥሩን እንዴት ልስራው?

የሰበታዋ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዶሮ የምታረቡ እስቲ ምከሩኝ። ጓሮዬ ውስጥ 14 ቦቫንስ የሚባሉት የእንቁላል ዶሮዎች ነበሩኝ፣ እንቁላል መጣል ከጀመሩ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። ሐሙስ ለሊት ሲንጫጩ ሰምቼ ባትሪ ይዤ እስክወጣ አምስቱ አልቀዋል፣ ሶስቱ አንገታቸውን ተነክሰው እዛው ተጋድመዋል ሁለቱ ጭራሽ የሉም። ጎረቤት ያሉ አባት አይተው ሸለምጥማጥ ነው አሉኝ። ማደሪያቸው አጣናና ቆርቆሮ ነው፣ ቀን የሚውሉበት ደግሞ ዙሪያውን በዶሮ ሽቦ ታጥሯል ከላይ ግን ክፍት ነው። ጠዋት ሳየው ሽቦው ከታች ተገንጥሎ ጫፉ ላይ ላባ ተሰክቷል፣ በጣም ነው ያዘንኩት። የቀሩት ዘጠኙ አሁን ኩሽና ነው የሚያድሩት። ቦታው 3 በ 4 ሜትር ነው፣ ምን አይነት ሽቦ ልግዛ? ከላይስ የግድ ይሸፈናል?

ቄብ አርቢ፦
አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ቢሾፍቱ እንደዚሁ ደርሶብኛል። የዶሮ ሽቦ የሚሉት ያ ቀጭኑ ዶሮ እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ አውሬ አይመልስም፣ ውሻ በጥርሱ ይገነጥለዋል አይጥም በቀዳዳው ይገባል። ካሬ ካሬ ቀዳዳ ያለውን የተበየደውን ጠንካራ ሽቦ ፈልጊ፣ ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ውድ ነው አልዋሽሽም፣ ብር ካጠረሽ ግን መጀመሪያ ማደሪያቸውን አጥብቂ ምክንያቱም ሸለምጥማጥ የሚመጣው ማታ ነው፣ መስኮቱንም አየር ማስገቢያውንም በዚሁ ሽቦ ሸፍኚና ሲመሽ ቆጥረሽ አስገብተሽ ዝጊ። ለአጥሩ ደግሞ ሽቦውን 30 ሴንቲ ቅበሪው፣ መሬቱ ድንጋይ ሆኖ እምቢ ካለሽ ወደ ውጪ አጥፈሽ ግማሽ ሜትር ያህል አንጥፊና ድንጋይ ጫኚበት፣ አውሬ ሁሌ የሚቆፍረው አጥሩ ስር ተጠግቶ ስለሆነ ሽቦው ላይ ሲደርስ ይተወዋል።

ጣና ዳር፦
ከላይማ የግድ ነው። እኛ ባህር ዳር ጫጩት የጨረሰብን ጭልፊት ነው፣ ያውም በጠራራ ፀሐይ። ከአሳ አጥማጆች አሮጌ መረብ ገዝተን ወጥረን ጭልፊቱ ቀረ። መረቡ ግን ለጭልፊት ነው፣ ሸለምጥማጥ ዛፍ የሚወጣ እንስሳ ስለሆነ ይቀደዋል። ግማሹን ቆርቆሮ ብታደርጊው ለክረምትም ይጠቅምሻል፣ ጭቃ ላይ የዋለች ዶሮ ቶሎ ትታመማለች።

አናጢው፦
ሽቦውን በሚስማር ብቻ አትምቺው፣ በላዩ ቀጭን እንጨት ደርበሽ በቡሎን ወይ በቪት እሰሪው፣ ያንቺም የተገነጠለው በዚህ ይመስለኛል። አጣናው መሬት የሚገባውን ጫፍ ብቻ የተቃጠለ ዘይት ቀቢው ምስጥ እንዳይበላው። ጣሪያና ግድግዳው የሚገናኙበትንም እዪው፣ ብዙ ሰው እሱን ይረሳዋል። በሩ ላይ ደግሞ ከላይም ከታችም መቀርቀሪያ አድርጊ፣ አንድ ብቻ ከሆነ ታችኛው ጥግ በጉልበት ሲገፋ ይከፈታል።

የሰበታዋ፦
ተባረኩ! አናጢው እንዳልከው አሁን ሄጄ አየሁት፣ ቆርቆሮውና ግድግዳው መሀል አራት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለ፣ አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። ሽቦውን ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ እጠይቃለሁ። አንድ ሰው መርዝ አስቀምጪ ብሎኝ ነበር ምን ትላላችሁ?

ቄብ አርቢ፦
በፍፁም እንዳታደርጊው! የሰፈር ውሻና ድመት ነው የሚያልቀው፣ ልጆችም አሉሽ። ክፍተቱን ዛሬውኑ በቆርቆሮ ቁራጭ ድፈኚውና ሽቦው እስኪገዛ እዛው ኩሽና ይደሩ።

አናጢው፦
የበሩ ስር ላይ ደፍ ሳትሰሪ እንዳታቆሚው፣ አንድ ብሎኬት ቀብረሽ ሲሚንቶ ብታደርጊበት ይበቃል።