ለፈጣን መኪና ፍሬን፦ አዲስ አበባ ውስጥ ምን ይገዛል፣ የት ይሠራል? (ጥቆማ)

ጥያቄ፦
ሰላም ቤተሰብ። እ.ኤ.አ. የ2006 ጎልፍ 5 ጂቲአይ አለኝ፤ ከጀርመን የገባች፣ 2.0 ቱርቦ፣ 200 የፈረስ ጉልበት። ባለፈው ሳምንት ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ የፍሬኑ መርገጫ እየሰመጠ መጣ፣ የሚያር ሽታም ሸተተኝ። ታች ወርጄ ሃያ ደቂቃ ከቆምኩ በኋላ እንደነበረው ሆነ። አንድ ልጅ ሶማሌ ተራ ውስጥ ባለ አራት ፒስተን የብሬምቦ ካሊፐር (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨብጦ የሚያቆመው) ከነዲስኩ አለ ብሎኛል። ልግዛው? የት ላሠራው? እህቴ ለጥምቀት ከፍራንክፈርት ስለምትመጣ ዕቃ ማስመጣትም እችላለሁ።

መልስ፦
ወንድሜ፣ ካሊፐሩን ለጊዜው ተወው። የነገርከን ነገር ራሱ መልሱን ይዟል። ፍሬን ሲግል በሁለት መንገድ ይከዳል። አንደኛው መርገጫው እንደ ወትሮው ጠንካራ ሆኖ መኪናው ግን አልቆም ሲል ነው፤ ያኔ ካሊፐሩ ዲስኩ ላይ የሚጫነው ሸራ ከአቅሙ በላይ ግሎ ዲስኩን መያዝ አቅቶታል። ሁለተኛው ያንተ ነው፤ መርገጫው ስፖንጅ የረገጥክ ይመስል ወደ ወለሉ ይሄዳል። ይኼ የፍሬን ዘይቱ ፈልቶ ነው። ዘይት አይጨመቅም፣ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፤ እግርህ እንፋሎቱን ሲጨምቅ ካሊፐሩ ጋ የሚደርስ ጉልበት የለም። ሲበርድ እንፋሎቱ ተመልሶ ዘይት ይሆናል፣ ፍሬኑም ምንም እንዳልተፈጠረ ይመለሳል። ሃያ ደቂቃ ቆሜ ተመለሰ ያልከው እሱን ነው። ያንኑ አሮጌ ዘይት ይዘህ ብሬምቦ ብትገጥም፣ በሚቀጥለው ቁልቁለት መርገጫው ያው ይሰምጥብሃል።

እኔ ይኼን የተማርኩት ዓባይ በረሃ ላይ ነው። መኪናዬ ኦክታቪያ አርኤስ ናት፤ ከሥር ካንተ ጎልፍ ጋር እህትማማች ናቸው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እስቲ አስበው፤ 1,400 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ፣ ሞተሩ ካላገዘው ፍሬኑ ላይ የሚያርፈው ሙቀት በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትሄድን መኪና 25 ጊዜ ያህል ቀጥ አድርጎ እንደማቆም ነው። እኔ ደግሞ ማርሹን ዲ ላይ ትቼ፣ እግሬን ከፍሬኑ ሳላነሳ፣ እየተጨዋወትኩ ነበር የምወርደው። ድልድዩ ሊታይ ሲል አንድ መታጠፊያ ላይ መርገጫው ወለል ነካ። ደጋግሜ ረገጥ ረገጥ ሳደርገው ትንሽ ያዘ፤ ማርሹን ወደ ሁለት አውርጄ በተራራው በኩል ያለው ጠጠር ላይ አስገብቼ አቆምኩ። ባለቤቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። ወረደች፣ ድንጋይ አምጥታ ጎማው ሥር አደረገች፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ጥላ ሥር ተቀመጠች።

አዲስ አበባ ስመለስ የወጣው ዘይት የቡና አተላ ይመስል ነበር። ከስድስት ወር በፊት ደግሞ «ዘይት ቀይረናል» ተብዬ ከፍዬበታለሁ። ኋላ ስጠይቅ እዚያ ጋራዥ የሚጠቀሙት ክዳኑ ጠፍቶ በጨርቅ የተወተፈ ጠርሙስ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል፤ ባይነዳም ይጠጣል። አዲስ ዶት 4 (ዶት የፍሬን ዘይት ደረጃ ነው) ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ሲጠጣ መስፈርቱ ራሱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 3 ከሆነ ደግሞ ከ205 ወደ 140 ይወርዳል። የታሸገውን ጠርሙስ ራስህ ይዘህ ሂድ፣ ፊትህ ይከፈት፣ የተረፈውን ለማንም ስጥ፤ ቤት ወስደህ አታስቀምጥ።

የትኛውን ልግዛ ካልክ፦ ለከተማና ለክፍለ ሀገር መንገድ ማደያ የሚሸጠው የታወቀ ድርጅት ዶት 4 ይበቃሃል፣ በየሁለት ዓመቱ እስከቀየርከው ድረስ። ቁልቁለት ከወደድክ ኤቲኢ ቲፕ 200 ምርጫዬ ነው፤ አዲሱ 280 ዲግሪ ይችላል፣ እርጥበት ጠጥቶም 198 ላይ ይቆማል። ሞቱል አርቢኤፍ 600 ከዚያም ይበልጣል፣ ከ300 ያልፋል፤ ግን የውድድር ዘይት ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መቀየር ይፈልጋል፣ እዚህ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ዶት 5 የሚል ካየህ አትንካው፤ 5.1 አይደለም፣ ሲሊኮን ነው፣ ካንተ ዘይት ጋር አይስማማም።

አንድ ሰው የማያነሳው ነገር ደግሞ አለ። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በዚሁ ግፊት ስለሆነ እዚህ ጠንከር አድርገህ መርገጥ ግድ ይልሃል። ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው አየርም የሳሳ ነው። ስለዚህ ጀርመኖቹ «ለዚህ መኪና ይበቃል» ያሉት ፍሬን እንጦጦ ላይ ትንሽ ቢያጥረው አይግረምህ።

አሁን ወደ ሶማሌ ተራው ብሬምቦ። መጀመሪያ የየትኛው መኪና ነው? ልጁ «ሁሉም ላይ ይገባል» ካለህ ተመለስ። ካሊፐር የሚታሰርበት ብረት ልኩ በየመኪናው ይለያያል፤ በቶርኖ ቤት ብረት አስቆርጠው ያስገጠሙ አውቃለሁ፣ እኔ ግን በዚያ መኪና ልጄን አልጭንም። ቀጥሎ፣ ፊቱ ብቻ በጣም ሲጠነክር የፊትና የኋላው ሚዛን ይዛባል፣ መርገጫውም ሊረዝም ይችላል፤ የእግርህን ግፊት ወደ ዘይቱ የሚያስተላልፈው ማስተር የተሠራው ለድሮው ካሊፐር ነውና። ከዚያ ደግሞ ያገለገለ ስለሆነ ጎማ መሸፈኛውን ገልጠህ ፒስተኑን እይ፤ ዝገት ወይም ጭረት ካለው ዋጋ የለውም። በመጨረሻም በጥፍርህ ቆርቆር አድርገው! ቀይ ቀለም፣ «ብሬምቦ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የፕላስቲክ ሽፋን ተራ ካሊፐር ላይ ለጥፎ መሸጥ እየተለመደ ነው።

በእውነት ትልቅ ፍሬን ከፈለግክ መንገዱ ቅርብ ነው። ያንተ የፊት ዲስክ 312 ሚሊሜትር ነው። የራሷ የጎልፍ 5 አር32 ፊት 345 ነው፤ ከፋብሪካው የወጣ፣ ላንተም መኪና የሚስማማ፣ ጀርመን አገር ያገለገለው እንደ ጉድ የሚገኝ። ባለ 18 ኢንች ቸርኬ ከሌለህ ግን መግባቱን ሳትለካ አትግዛ።

ሸራ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ሶማሌ ተራ ያለው ዕቃ ሁሉ ፎርጅድ አይደለም፤ እዚያው ከካርቶኑ እስከ ማኅተሙ ደህና ቴክስታርና ኤቲኢ ገዝቼ አውቃለሁ። ካርቶን አትመን፣ ሸራውን አውጥተህ ጀርባውን እይ። ለአውሮፓ ገበያ የወጣ ከሆነ ክብ ውስጥ የኢ ፊደልና ቁጥር፣ አጠገቡም 90 አር የሚል ምልክት ብረቱ ላይ አለ። የአሜሪካ ከሆነ ጠርዙ ላይ ሁለት ፊደል ይጻፋል፤ ኤፍኤፍ ወይም ጂጂ ዓይነት። የመጀመሪያው ሲበርድ፣ ሁለተኛው ሲግል ያለው አያያዝ ነው፤ ጂ ከኤፍ ይበልጣል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ያነሰ ከሆነ ለእንጦጦ አይሆንህም። አሮጌ ብረት ላይ አዲስ ሸራ የሚለጥፉት ባለሙያዎች ለአይሱዙ ታምቡር ጥሩ ናቸው፤ ላንተ መኪና አይደሉም።

ከሸራዎቹ መካከል፦ የኤቲኢው ሴራሚክ ቸርኬ አያጠቁርም፣ አይጮህም፤ ለቦሌ መንገድ እሱ ነው። የፌሮዶ ዲኤስ 2500 ሲግል የበለጠ ይይዛል፣ ግን ጠዋት ጠዋት ያንቋርራል፣ ዲስክም ይበላል። ኢቢሲ የሎውስታፍ ሞክሬ አልወደድኩትም፤ አቧራው በዛብኝ። የአንተ አነዳድ ከእኔ ሊለይ ይችላል።

ዲስክ፦ ባለ ቀዳዳውን አትግዛ። ሲያዩት ያምራል፣ ሲግልና ሲበርድ ግን ከቀዳዳዎቹ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ያለህን ቶርኖ ቤት ከማስላግህ በፊት ውፍረቱን አስለካ፤ አዲሱ 25 ሚሊሜትር ነው፣ 22 ከደረሰ ይጣላል። 22.5 ላይ አስልጎ መግጠም ብር መቆጠብ አይባልም።

ዋጋ አልጻፍኩም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ዛሬ የጻፍኩት ለሳምንት አይሆንም።

ጋራዥ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃሃል፦ «የኋላ ካሊፐሩን ፒስተን እንዴት ትመልሱታላችሁ?» ያንተ የኋላ ካሊፐር የእጅ ፍሬኑን ውስጡ ስለያዘ ፒስተኑ እየተጠመዘዘ ነው የሚገባው። «በሞርሳ እንገፋዋለን» ካሉህ ቁልፍህን ተቀበል። የሰፈሬ ጋራዥ ቶዮታ ላይ እጃቸው ወርቅ ነው፤ የእኔን ግን ገፍተው ውስጡን ሰብረው የእጅ ፍሬኑ እንቢ አለ፣ ሁለት ካሊፐር ገዛሁ። የጀርመን መኪና ብቻ የሚሠሩት ይወደዳሉ፤ ጠመዝማዡ መሣሪያ፣ ኤቢኤሱን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) የሚያናግር ኮምፒውተርና የዘይቱን እርጥበት የሚለካ እስክሪብቶ የሚያህል መለኪያ ካላቸው ግን ልዩነቱን ክፈል። ሶማሌ ተራ መንገድ ዳር የሚገጥሙት ፈጣኖች ናቸው፣ ለፊት ሸራ እሺ፣ ከዘይቱ መስመር አየር ለማስወጣት ግን አልመክርህም፤ አቧራው ብቻ ይበቃል።

ሌላ መልስ፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ መካኒክ ነኝ፣ ቄራ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መኪናዋ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗታል፤ አራቱ የፍሬን ጎማ ቱቦዎች የመጀመሪያዎቹ ከሆኑ ስትረግጥ ይነፋሉ። ብረት የተሸመነበት ቱቦ ሻንጣ ውስጥ ቦታ አይይዝም፣ እህትህ ታምጣልህ። ሁለተኛ፣ ጋሼ እንዳይቀየሙኝ እንጂ ጎማን ረስተውታል። መኪና የሚያቆመው ጎማ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ባለ አራት አሃዝ ቁጥር እዩ፤ 2316 ካለ በ2016 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እንደዚያ የደረቀ ጎማ ላይ ብሬምቦ ብትገጥሙበት ኤቢኤሱ ቶሎ ይነሳል እንጂ መኪናው ቶሎ አይቆምም።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ዘይቱን አስለካሁ፤ መለኪያው ቀይ አበራ። ልጁንም ካሊፐሩ የምን እንደሆነ ስጠይቀው «የቤንዝ መሰለኝ» አለኝ። ዘይቱና ሸራው ከተቀየረ በኋላ ሸራውን ማለማመድ ያስፈልጋል ይላሉ፤ የት ይደረጋል? ለእህቴስ ምን ብዬ ልጻፍላት?

መልስ፦
«መሰለኝ» የሚባል ፍሬን የለም፣ ጥሩ አድርገሃል።

ማለማመዱ ቀላል ነው፤ ከ80 ወደ 20 አሥር ጊዜ ያህል መጠነኛ አድርገህ ትረግጣለህ፣ ሙሉ በሙሉ ሳትቆም፣ በመካከሉ ትንሽ እየነዳህ። ከዚያ ፍሬን ሳትነካ አሥር ደቂቃ ንዳና አቀዝቅዘው። ግለው ሳሉ እግርህን ረግጠህ አትቁም፤ ሸራው ዲስኩ ላይ አሻራውን ይተውና መሪህ ይንቀጠቀጣል። ቀለበት መንገድ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይመቻል፤ እሁድ ግን አይሁን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ይሻገራል። ከኋላህ ሚኒባስ ካለም ጠብቀው ይለፍ።

ለእህትህ ስም ብቻ አትጻፍላት፤ «የጎልፍ ፍሬን» ካልካት የተሳሳተ ይዛ ትመጣለች። ትርፍ ጎማው ማስቀመጫ አጠገብ ኮዶች የተደረደሩበት ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፤ እሱን ፎቶ አንሣና ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ላክላት፣ ሱቁ ቀሪውን ያውቃል። የፊትና የኋላ ሸራ፣ አራቱ ቱቦዎች፣ የግራ ፊት ሸራው ማስጠንቀቂያ ሽቦ። ዲስክ አታሸክማት፤ የፊት ሁለቱ ብቻ የአንዱን ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ብዙውን ይበሉታል፣ እሷም ለእናትህ የምታመጣው ነገር ይኖራታል። ዲስኩን እዚሁ እንፈልጋለን፤ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሶማሌ ተራ እሄዳለሁ፣ አሮጌውን ዲስክ ይዘህ ና።