ለ11 ሰው አንድ ድስት ብቻ ባቀርብ ያስቀይማል?

ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ። ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ አንዱ የምግብ፣ ሌላው የሰው። የሰውየው ይከብዳል።

ባለፈው በዓል 7 ዓይነት ምግብ ሠራሁ። ከዋዜማው ንጋት ጀምሬ ስከትፍ፣ ሳቁላላ፣ ሳማስል ዋልኩ፤ ሌሊቱንም ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ድስት ሳይ አደርኩ። በበዓሉ ዕለት ሁሉም ተቀመጠ፤ እኔ ጨው ላመጣ ተነሣሁ። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ የወደቀ ማንኪያ ልለውጥ፣ ከዚያ ለትንሹ ልጄ ፎጣ። በመጨረሻ የራሴን ሳህን ይዤ ስቀመጥ እንግዶቹ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ስለ ኳስ ያወሩ ነበር። ምግቤ ቀዝቅዞ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቷል። በዚያች ሰዓት ባለቤቴ ብድግ አለና «ላደረግሽልን ሁሉ እናመሰግናለን» አለ፤ ተጨበጨበ። እኔ ፈገግ ብዬ ወደ ማብሰያ ቤት ገባሁ፤ የውሃውን ቧንቧ ከፈትኩና አለቀስኩ።

ባለቤቴ ላይ አትፍረዱ። ደግ ሰው ነው፤ ምስጋናውም ከልቡ ነበር። ያስለቀሰችኝ «ሁሉ» የምትለው ቃል ናት። ሁሉ ማለት ምን ምን ነው? ቢጠየቅ ከሰባቱ ሦስቱን እንኳ አይጠራም። (እኔም ብሆን ስድስተኛው ምን እንደነበር አሁን ጠፍቶብኛል፤ ያን ያህል ለፍቼበት።)

ዘንድሮ በዓሉ ሊደርስ 12 ቀን ቀርቶታል። የምንቀመጠው 11 ነን፤ ሁለቱ ሕፃናት ናቸው፣ አንዷ እንግዳ ሥጋ አትበላም። ምድጃዬ ባለ ሁለት ዓይን ነው፤ አንደኛው ዓይን ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ድስት የምስር ሾርባ፣ የተገዛ ዳቦ፣ አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሰላጣ ብዬ ወስኛለሁ። ሌላ የለም። ስንት ምስር ይበቃል? ደግሞስ ለአማቴ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? እሳቸው የማዕዱ ጨርቅ በሳህን ብዛት ካልተሸፈነ በዓል የደረሰ አይመስላቸውም።


የአዳሪ ቤት ወጥ ቤት

እህቴ፣ የአማትሽን ጉዳይ ለሚያውቁበት ልተውና ወደ ድስቱ ልግባ። ለአዳሪ ተማሪዎች 9 ዓመት አብስያለሁ፤ ብዙ ሰው አያስፈራኝም።

ሾርባው ዋና ምግብ ከሆነ ለአንድ አዋቂ ከ70 እስከ 80 ግራም ደረቅ ምስር ያዢ። ሁለቱን ሕፃናት እንደ አንድ ሰው ቁጠሪያቸው፤ 10 ሰው ይሆናል፤ 800 ግራም ይበቃል። 1 ኪሎ ካደረግሽው ለነገ ይተርፋል፤ እኔ ብሆን 1 ኪሎ አደርገው ነበር። ድስቱ 8 ሊትር የሚይዝ ይሁን፤ ምስር ሲፈላ አረፋ እያነሣ መገንፈል ይወዳል፤ ጢም ብሎ የሞላ ድስት ደግሞ ምድጃሽን ያጠፋብሻል።

ድፍን ምስር ብቻ አታድርጊ። ሁለት እጅ ድፍን፣ አንድ እጅ ቀይ ክክ ይሁን። ድፍኑ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ፈልቶ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ክኩ በ15 ወይም በ20 ደቂቃ ይፈርስና ሾርባውን ያወፍረዋል። ስለዚህ ድፍኑ 15 ደቂቃ ያህል ከተንተከተከ በኋላ ክኩን ጨምሪ። ለኪሎው በ4 ሊትር ውሃ ጀምሪ፤ የፈላ ውሃ በጎን ይኑርሽ።

አሁን ዋናው ነገር ሽንኩርት ነው። ትልልቅ 6 ራስ። ጽሑፎች «ሽንኩርቱን ለ10 ደቂቃ ወርቃማ እስኪሆን» ይላሉ፤ የጻፉት ሰዎች ሽንኩርት አቁላልተው የሚያውቁ አይመስለኝም። በልከኛ እሳት 40 ደቂቃ ይፈጃል። እሳቱን ካበዛሽው ጫፉ ያርራል፣ ውስጡ ጥሬ ይቀራል፤ ጣፋጭነቱ የሚመጣው ውሃው ቀስ ብሎ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቆንጠር አድርገሽ ጨው ብትጨምሪበት ውሃውን ቶሎ ይለቃል። አንድ ምግብ ብቻ ስለሆነ 40 ደቂቃው አለሽ፤ ለሰባት ምግብ ግን ማንም የለውም።

ቲማቲምና ሎሚ ምስሩ ከበሰለ በኋላ ይግቡ። ቀድመው ከገቡ አሲዱ ምስሩ እንዳይለሰልስ ይይዘዋል፤ ሰዓት ሙሉ አብስለሽ ጥርስ ላይ ይንቋቋል። ጨውን በልኩ መሐል ላይ፣ የቀረውን ሾርባው ከወፈረ በኋላ።

ከዋዜማው ብታበስዪው ይሻላል፤ ሲያድር ጣዕሙ ይዋሃዳል። ነገር ግን ትኩስ ድስት እንዳለ ፍሪጅ ውስጥ አታስገቢ። የትልቅ ድስት መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል፤ ጀርም የሚራባው በዚያ ሙቀት ነው፤ ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው መሐል። ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍለሽ፣ ምድጃውን ካጠፋሽ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ። በማግስቱ ወፍሮ ታገኚዋለሽ፤ አትደንግጪ፤ የፈላ ውሃ ጨምረሽ እየበጠበጥሽ እስኪፈላ አሙቂው።


አያት ነኝ

ልጄ፣ እኔ አማት ነኝና ከወዲያኛው ወገን ልናገር።

አትንገሪያቸው፤ ጠይቂያቸው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። «ዘንድሮ አንድ ድስት ብቻ ነው» ስትያቸው የሚሰሙት «የእርስዎ ጊዜ አልፏል» የሚለውን ነው። 30 ዓመት ማዕድ ስትመራ የኖረች ሴት በልጇ ቤት «እርስዎ ይረፉ» ተብላ ቴሌቪዥን ፊት ስትቀመጥ ምን እንደሚሰማት እኔን ጠይቂኝ። እጅ ሥራ ሲፈታ ምላስ ሥራ ይጀምራል። የልጄን ሚስት ሾርባ ጨው በዝቶበታል ያልኩበት ቀን ብዙ ነው። ጨው አልበዛበትም ነበር።

አንድ በዓል ላይ ልጅቱ ጣቷን በቢላዋ ቆረጠችና «እማማ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ይላጡልኝ» አለችኝ። ሦስት ራስ ላጥኩ። በቢላዋ ጎን ጫን ሲሉት ልጣጩ በራሱ እንደሚለቅ አሳየኋት፤ ዓይኗን ከፍታ «አላውቅም ነበር» አለች። ኋላ ነው የገባኝ፤ ታውቅ ነበር። ያን ቀን ስለ ጨው አልተናገርኩም።

ዛሬ ደውዪና «ሾርባ እንዳይቀጥን ምን ያደርጉ ነበር?» በያቸው። መልሱን ከላይ ያሉት ሰው ነግረውሻል፤ ቢሆንም ጠይቂ። በበዓሉ ዕለት ደግሞ ጨው መቅመሱን ለእሳቸው ስጪ። የጨው ሹም የሆነ ሰው ሳህን አይቆጥርም።


ድስት አጣቢ

እኔ ባል ነኝ። ጽሑፍሽን ለባለቤቴ ሳነብላት ዝም አለች፤ ዝምታዋ ሲረዝም እኔም «ሁሉ» ከሚሉት ወገን መሆኔ ገባኝ። ስለዚህ የምናገረው ለባለቤትሽ ነው፤ ብታስነብቢው ደስ ይለኛል።

ወንድሜ፣ ቆሞ ማመስገን ይቅርብህ፤ ዕቃ እጠብ። እንቁላልና ወተት የነካውን ዕቃ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፈው፤ ሙቅ ውሃ እዚያው ያበስለውና ይጣበቃል። ቅባት የነካውን ግን በሙቅ ውሃና በሳሙና። ድስቱ ካረረ በሽቦ አትታገለው፤ ውሃና ሁለት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምረህ ሩብ ሰዓት አፍላው፣ ያረረው ይላቀቃል። የአሉሚኒየም ድስት ከሆነ ግን ሶዳ አታስነካው፤ ይጠቁራል። (ይህን የተማርኩት በአማቴ ድስት ነው። የሆነውን አልናገርም።)

ለአንቺ ደግሞ አንድ ነገር። ሰው ከመቀመጡ በፊት ጨው፣ ውሃ፣ ሦስት ትርፍ ማንኪያና ፎጣ ማዕዱ መሐል ይቀመጥ። የአንቺ ወንበር ከግድግዳው ወገን ይሁን፤ ለመውጣት ሁለት ሰው ማስነሣት የሚጠይቅ ቦታ። በእኛ ቤት የሠራው ይህ ብቻ ነው።


ማስታወሻ ደብተር

ምግቡ እንዳለ ሆኖ፣ ለምን በማዕዱ ዙሪያ እያንዳንዱ ሰው የሚያመሰግንበትን ነገር በተራ እንዲናገር አታደርጊም? ሮበርት ኤሞንስና ማይክል ማከላ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጡት ጥናት አለ፤ አንዱ ቡድን ለ10 ሳምንታት በየሳምንቱ እስከ አምስት የሚያመሰግንባቸውን ነገሮች ጻፈ፣ ሌላው ያበሳጨውን ጻፈ። የመጀመሪያዎቹ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው ተናገሩ።


አያት ነኝ

ልጄ፣ የጻፉት ብቻቸውን ነው እንጂ ሾርባ ፊት ተቀምጠው አይደለም። 11 ሰው በተራ ሲናገር ምግቡ ይቀዘቅዛል፤ ሕፃናቱ ያፍራሉ፤ አንድ አጎት ደግሞ ሁልጊዜ ንግግር ያረዝማል።


ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ (ጠያቂ)

በዓሉ አለፈ፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

አማቴን ደወልኩላቸው። ሾርባ እንዳይቀጥን ምን ያደርጉ እንደነበር ስጠይቃቸው ጥቂት ዝም አሉና ለ25 ደቂቃ አወሩ። ከዚያ ውስጥ ስለ ሾርባ የነበረው ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው፤ የቀረው ገና ሙሽራ ሳሉ በባልትና ስማቸው ከሚፈራ አማታቸው ቤት ድስት ስላሳረሩበት ቀን ነው። ይህን ታሪክ ባለቤቴም ሰምቶት አያውቅም።

በዋዜማው ሽንኩርቱን 40 ደቂቃ አቁላላሁት። 25ኛው ደቂቃ ላይ እሳቱን ልጨምር እጄ ሄዶ ነበር፤ የአዳሪ ቤቱን ሰው አስቤ መለስኩት። እንደተፈራው አንደኛው የምድጃ ዓይን መሐል ላይ ጠፋ፤ አንድ ድስት ብቻ ስለነበረኝ ወደ ሌላው አዛወርኩትና ቀጠልኩ። በሰባት ድስት ቢሆን ኖሮ ይህን የምጽፈው ከሆስፒታል ነበር።

ግድፈትም አለ። አማቴን የጨው ሹም አድርጌ ነበር፤ ቀምሰው «ይበቃዋል» አሉ። ባለቤቴ ይህን አልሰማም። ሊረዳ ገብቶ እሱም ጨመረ። እኔ ስቀምሰው ባሕር ሆኗል። አማቴ «ድንች ጣይበት፣ ጨዉን ይመጥጠዋል» አሉ፤ ጣልኩበት፤ ድንቹ ጨዋማ ሆነ፣ ሾርባውም ጨዋማ እንደሆነ ቀረ። ያዳነን የፈላ ውሃና ሁለት ኩባያ ተጨማሪ ክክ ነው። በዚህ ምክንያት ቁጥሩ ሁሉ ተበላሽቶ ሾርባው ለ16 ሰው የሚሆን ሆነ። አማቴ ልጃቸውን «አንተ ከጨው ራቅ» ሲሉት እኔ ምንም አልተናገርኩም፤ ግን እንዴት ደስ አለኝ።

ወንበሬን ከግድግዳው ወገን አደረግሁት። አንድ ጊዜ ልነሣ ሞከርኩ፤ አጎታችን መነሣት ነበረበትና እሱ መነሣት አይወድም፤ «ምን ፈልገሽ ነው? ልጁ ያምጣልሽ» አለ። ስለዚህ ሾርባዬን ትኩሱን በላሁ። ምላሴን አቃጠለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አላውቅም።

ሳህን የቆጠረ አልነበረም። ሥጋ የማትበላው እንግዳችን ሁለት ጊዜ አስጨመረች፤ ሌላ ጊዜ ከሁሉም ፊት ሰላጣ ብቻ የሚደርሳት እሷ ነበረች።

ባለቤቴ ዘንድሮ ንግግር አላደረገም። የድስት አጣቢውን መልስ አስነብቤው ነበር፤ እጅጌውን ሰብስቦ ማጠቢያው ጋ ቆመ፤ እኔ ፎጣ ይዤ አደርቃለሁ። ድስቱን እያጠበ «ትናንት ማታ ሽንኩርቱን ስታቁላዪ ሽታው ቀስቅሶኝ ነበር። አንዴ እሳቱን ልትጨምሪ ብለሽ መለስሽው፤ ከበሩ ሆኜ አይቼሻለሁ» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ለምን አልገባህም ልለው ነበር፤ ተውኩት።

አሁን ግማሽ ድስት ሾርባ ተርፎኛል። ስንት ቀን ይቆያል?


የአዳሪ ቤት ወጥ ቤት

ድንች ጨው አይመርጥም፤ ሾርባውን እንዳለ ነው የሚመጥጠው፤ ውሃና ክክ መጨመርሽ ትክክል ነው። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ እስከ 3 ወር። ፍሪዘር ስታስገቢው ዕቃውን እስከ አፉ አትሙዪው፤ በረዶ ሲሆን ይሰፋል። ክዳኑ ላይ ቀኑን ጻፊበት።