ናይስታቲን ሲቆም የሚመለስ የላንቃ መቅላት፦ ጥፋቱ የአክሪሊኩ ነው?

ጥያቄ፦
ባልደረቦች፣ የላይኛው ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሰፍቶ ውስጡ በራሱ በሚደርቅ (ሳይበስል በሚጠነክር) አክሪሊክ፣ ማለትም የሰው ሠራሽ ጥርስ ፕላስቲክ፣ ተሞልቷል። ላንቃው ልክ ጥርሱ በሸፈነው ቦታ ቀልቷል። በናይስታቲን (የፈንገስ መድኃኒት) ይለቅና መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። በሙቀት በሚበስል አክሪሊክ እንደገና ይሠራ ወይስ ናይሎን ይሻላል?

መልስ 1፦
ናይሎኑን ይተዉት፤ ማለስለሱ ከባድ ነው፣ በብሩሽም ቶሎ ይሻክራል። በራሱ የሚደርቀውን መጠርጠርዎ ግን ልክ ነው። ሳይጠነክር የሚቀረው ሞኖመር (አክሪሊኩ የሚሠራበት ፈሳሽ) ከ3 እስከ 5 በመቶ ይደርሳል፤ በሙቀት በደንብ የበሰለው ላይ ከ0.5 በመቶ በታች ነው። ሲደባለቅ የታፈነው አየር ደግሞ ቀዳዳ ይተዋል። የካንዲዳ (ላንቃውን የሚያቀላው ፈንገስ) ሴል 5 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ እዚያ ተመቻችቶ ይቀመጣል፣ የብሩሹ ፀጉር ግን አይገባም።

መልስ 2፦
ከላቦራቶሪ በኩል ልጨምር። ላንቃን የሚነካው ገጽ አይወለወልም፣ ከተወለወለ ልኩን ያጣል። ስለዚህ የጀሶውን ሞዴል (የላንቃውን ቅጂ) መልክ እንዳለ ይቀዳል፦ ጀሶው ላይ ያለች የአየር ቀዳዳ አክሪሊኩ ላይ ጉብታ ሆና ትወጣለች። ሞዴሉ ንጹሕ ካልሆነ የትኛውም ቁስ አያድንም።

ዱቄትና ፈሳሹ በይዘት 3 ለ 1 ይሁን። ሊጡ ከዕቃው ግድግዳ ሳይጣበቅ ሲላቀቅ ፍላስኩ (የማብሰያ ቅርጽ መያዣው) ውስጥ ይጠቅጠቁት። ለ2 ሰዓት በ74 ዲግሪ፣ ከዚያ ለ1 ሰዓት በ100 ያብስሉ። ሞኖመሩ በ100 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ገና ከመነሻው የፈላ ውኃ ውስጥ የገባ ፍላስክ ወፍራሙ ቦታ ላይ አረፋ ያወጣል። በከፍተኛ ግፊት ከተሠራ ዲስክ በኮምፒውተር የሚፈለፈለው ይህን ጣጣ አብዛኛውን ያስቀራል።

መልስ 3፦
አዲስ ቤዝ (ላንቃውን የሚሸፍነው የሰው ሠራሽ ጥርሱ ክፍል) ከመታዘዙ በፊት አንድ ነገር ይጣራ፦ ናይስታቲኑ ሲወሰድ ጥርሱ ይወልቃል? ካልወለቀ መድኃኒቱ ላንቃው ጋ አይደርስም። ጥርሱም ካልታከመ ፈንገሱን መልሶ ይዘራል። ብረት ከሌለው በ0.5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት (የበረኪና ንጥረ ነገር) ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፎ በደንብ ማጠብ፣ ሌሊትም ማውለቅ። ክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ የአፍ መጉመጥመጫ) ከናይስታቲን ጋር አንድ ላይ አይሰጥ፣ ናይስታቲኑን ያከሽፈዋል። የጥርስ ሳሙናም አክሪሊኩን ይቧጭረዋል፤ ለስላሳ ብሩሽና ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል።

ጠያቂ፦
እስኪሠራ ድረስ ለስላሳ ሽፋን ቢገባበትስ?

መልስ 3፦
ለቀናት ብቻ። የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በምራቅ ታጥቦ ሲወጣ ሽፋኑ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፤ ያኔ ከአሁኑ የባሰ የካንዲዳ ጎሬ ይሆናል።