ጭንቅላትን ዝቅ አድርጎ መተኛት የጠፈርተኛን አእምሮ ያሳያል?

ጣና ዳር፦
ወንድሞችና እህቶች፣ ባሕር ዳር ለሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ የሳይንስ ክበብ ማሳያ እየተዘጋጀ ነው። ተማሪው ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ይተኛል፤ ከዚያ የሚወድቅ ማስመሪያ ሲይዝ እየለካን «ጠፈር ላይ አእምሮ እንዲህ ይዘገያል» ልንል ነው። የአልጋው ግርጌ ምን ያህል ይነሣ? ስንት ደቂቃስ ይተኛ?

ሽምብጥ፦
ተመራማሪዎች የጠፈርን የፈሳሽ ሽግግር መሬት ላይ ለመምሰል የሚጠቀሙት 6 ዲግሪ ነው። የፍራሹን ርዝመት ተዉት፤ በራስጌና በግርጌ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ በ0.105 አባዙ። 190 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 20 ይመጣል፤ ማለትም ከእያንዳንዱ የግርጌ እግር ሥር አንድ ባለ 20 ብሎኬት። ትራስ አይኑር፣ ልፋቱን ከንቱ ያደርገዋል። 30 ደቂቃ ይበቃል። ደም ግፊት ወይም ግላኮማ ያለበት አይሞክር። ሲነሣ መጀመሪያ ቁጭ ይበል፣ አለበለዚያ ያዞረዋል።

የምትለኩት ግን ከመተኛቱ በፊትና በኋላ የባቱን ዙሪያ ይሁን። ወፍራሙን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት፤ ሜትሩ ቆዳውን ካጎደጎደ ልኬቱ ውሸት ነው። ጠፈር ላይ 2 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ከእግር ወደ ላይ ይወጣል፤ ፊት የሚያብጠው፣ እግር የሚቀጥነው ለዚህ ነው።

አባይ ማዶ፦
«ይዘገያል» የሚለውን ሰርዙት። በ30 ደቂቃ አንጎል ቦታ አይለቅም፣ የወራት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በታተመ ጥናት ጠፈር ላይ ረጅም ጊዜ ከቆዩ 18 ሰዎች በ17ቱ የአንጎላቸው ማዕከላዊ ስንጥቅ (በአንጎል ገጽ ላይ ያለ ትልቅ ስርጉድ መስመር) ጠብቦ ተገኝቷል። ማሰብን በተመለከተ ደግሞ በ2024 የወጣው የ25 ጠፈርተኞች ጥናት አለ፦ በስድስት ወር ቆይታ አንዳንድ ፈተናዎች ላይ ፍጥነታቸው ቀነሰ እንጂ ስሕተታቸው አልበዛም። እንቅልፍንም አትርሱ። 8 ሰዓት ተኩል ተመድቦላቸው የሚተኙት 6 ገደማ ነው።

ማስመሪያው የግድ ከሆነ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ መያዝ 175 ሚሊሰከንድ ነው፣ 20 ላይ 202። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሙከራዎች ጣሉ፣ እጅ ቶሎ ይለምዳል። ግማሾቹ አግድም ተኝተው ይጀምሩ፣ ግማሾቹ አዘቅዝቀው። ቡና የጠጣና ያልጠጣ ከተቀላቀለ ምንም አታነቡም።

ጣና ዳር፦
ሚዛን ስለ መሳትስ?

ሽምብጥ፦
እሱማ በደጃችሁ ነው። ከዘጌ በጀልባ ተመልሶ የወረደ ሰው መሬቱ የሚዋዥቅ ይመስለዋል፤ አንጎሉ ሚዛን የሚጠብቀውን የውስጥ ጆሮ መልእክት በጀልባው ልክ አስተካክሎት ነበርና። ጠፈርተኛም ሲመለስ የሚንገዳገደው በተመሳሳይ ምክንያት ነው፣ የሱ ግን ቀናት ይወስዳል። ተማሪው ከመሳፈሩ በፊትና እንደ ወረደ አንዱን እግር ከሌላው ፊት አድርጎ ዓይኑን ጨፍኖ ይቁም፣ ሰከንዱን ቁጠሩ። በውኃው በኩል አንድ ሰው ይጠብቀው።