አባታችንን የሚረከበው የናይሮቢ ሐኪም አዲስ አበባ ላይ ሥልጣኑ እስከ ምን ድረስ ነው?

የካዛንቺሷ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካዛንቺስ አካባቢ የግል ሆስፒታል ውስጥ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ተኝቷል። ኦክስጅን ላይ ነው፤ ግን ነቅቷል፣ ያወራል። ሐሙስ ጠዋት የአየር አምቡላንስ ከናይሮቢ መጥቶ ይወስደዋል። ሐኪሙና ነርሱ አልጋው ድረስ መጥተው ነው የሚረከቡት። እነሱ እዚህ አገር መርፌ መውጋት፣ መድኃኒት መቀየር ይችላሉ? እስከ ቦሌ ባለው መንገድ አንድ ነገር ቢፈጠርስ ኃላፊው ማነው? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እንቅልፍ አጥተናል።

ሲስተር፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። አይሲዩ ስሠራ እንዲህ ያለ ርክክብ ላይ ነበርኩ። የኬንያ የሙያ ፈቃድ እዚህ በራሱ አይሠራም። አባትሽ ሆስፒታሉ ውስጥ እስካሉ ድረስ ትእዛዝ የሚጽፈው የያዛቸው ሐኪም ነው። የመጡት ያዩዋቸዋል፣ የሆስፒታሉን ሞኒተር (የልብ ምትና ግፊት የሚያሳየውን መሣሪያ) በራሳቸው ይቀይራሉ፤ ግን ከእሱ ጋር ተነጋግረው። ልብ ቢያቆም ማንም ፈቃድ አይጠይቅም፣ ቅርብ ያለው እጅ ይገባል።

ትልቁ ነገር የርክክብ ወረቀቱ ነው። ሰዓቱ፣ ግፊቱ፣ የኦክስጅን መጠኑ፣ በድሪፕ የሚሄደው መድኃኒት ይጻፍ። ሁለቱም ወገን ይፈርሙ። እኔ ብሆን ከሆስፒታሉ አንድ ነርስ እስከ አውሮፕላኑ አብሮ እንዲሄድ እለምናለሁ፤ አምቡላንሱ የእዚህ ነው፣ መንገዱንም የሚያውቀው የእዚህ ሰው ነው። ጠዋት መስቀል አደባባይ ላይ መቆማችሁ አይቀርም። ኦክስጅኑ ለመንገዱ እጥፍ ይበቃ እንደሆነ በዓይንሽ አይተሽ ተነሺ።

ጠበቃ ነኝ፦
ሲስተር ትክክል ናት። አባትሽ ነቅተው ካወሩ የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፣ አንቺ አይደለሽም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 20 ማንም ሰው ሕክምና አልፈልግም የማለት መብት ይሰጠዋል። ቅጹ እንግሊዝኛ ከሆነ አንድም ሳታስቀሪ በአማርኛ አስረጂያቸው።

አየር ላይ ሕክምናው የሐኪሙ፣ በረራው የካፒቴኑ ነው። ሐኪሙ «ቶሎ እናርፍ» ሊል ይችላል፤ የሚወስነው ካፒቴኑ ነው። በበረራ ላይ ጥፋት ቢፈጸም በ1963 እ.ኤ.አ. የቶኪዮ ስምምነት መሠረት አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የመዳኘት ሥልጣን አለው። የት እንደተመዘገበ አሁኑኑ ጠይቂ።

ፋርማሲስቱ፦
ስለ ሞርፊን፣ ስለ ጠንካራው የሕመም ማስታገሻ፣ አንድ ነገር። በ1961 እ.ኤ.አ. የናርኮቲክ (የአደንዛዥ መድኃኒቶች) ስምምነት አንቀጽ 32 አውሮፕላን ለጉዞው ድንገተኛ ሕክምና የሚይዘውን ውስን መጠን እንደ ማስገባትም እንደ ማስወጣትም አይቆጥረውም። ያ ግን ለአውሮፕላኑ ነው። ከሆስፒታል የተረፈውን በቦርሳሽ ይዘሽ እንዳትወጪ፣ አደራ።

የካዛንቺሷ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ሐኪሙን አነጋገርኩት፤ አንድ ነርስ እስከ አውሮፕላኑ አብሮን ይሄዳል። ቅጹንም ለአባዬ በአማርኛ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «የሚይዘኝ ሰው ስሙ ማነው?» አለኝ። ናይሮቢ ደውዬ የሁለቱንም ስም በትልቁ ጽፌ ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት።