ሪል አናሊሲስ፦ ዴፊኒሽኑ ተሸምድዶ ጥያቄው አልፈታ ሲል

ማታ አጥኚዋ
ሰላም ለሁላችሁ። የሪል አናሊሲስ (ሊሚትን በጥብቅ የሚያጠናው የሒሳብ ትምህርት) ዎርክሺት ላይ ያለ ጥያቄ ነው። ሲኩዌንስ ማለት ተርም የሚባሉ ቁጥሮች ተራ በተራ የሚቀጥሉበት ዝርዝር ነው፤ ወደ ኤል ኮንቨርጅ ያደርጋል ማለት ተርሞቹ ሊሚቱን ኤልን የፈለግነውን ያህል ይጠጉታል ማለት ነው፦ «ሲኩዌንሱ ወደ ኤል ኮንቨርጅ ካደረገ፣ የመጀመሪያዎቹ ኤን ተርሞች አማካይም ወደ ኤል ኮንቨርጅ እንደሚያደርግ አሳይ።» «ኤፕሲሎን (የፈለግነውን ያህል ትንሽ፣ ከ0 የሚበልጥ ቁጥር) ይሰጠን» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ መላው ይጠፋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከየት ነው የሚጀመረው? መልሱንስ ምን ያህል ከታገሉ በኋላ ማየት ይሻላል?

ኤፕሲሎን ግማሽ
የቼዛሮ አማካይ የሚባለው ነው። መጀመሪያ አቅልዪው፦ ከእያንዳንዱ ተርም ላይ ኤልን ቀንሺ፤ ሊሚቱ 0 ይሆናል፣ የሚጻፈውም ያጥራል። ቀጥሎ ሞኝ የሚመስል ምሳሌ ውሰጂ፦ የመጀመሪያው ተርም 1000፣ የቀሩት በሙሉ 0። አማካዩ 1000 ሲካፈል ለኤን ነው። ከ0.01 በታች እንዲወርድ ኤን ከ100,000 መብለጥ አለበት። ይዘገያል እንጂ መውረዱ አይቀርም። ጥያቄው ያለው እዚህ ጋ ነው፦ የኋለኞቹ ተርሞች ትንንሽ ናቸው፣ የሚያስቸግሩት የፊተኞቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ቁጥራቸው የተወሰነ ነው። ይህ ከታየሽ የሚቀረው ድምሩን ለሁለት መቁረጥ ነው።

አጻጻፉ፦ ኤፕሲሎን ይሰጥሽ። ከኬ በኋላ ያለው ተርም ሁሉ በአብሶሉት ቫልዩ (የመቀነስ ምልክቱ ሲተው በሚቀረው መጠን) ከኤፕሲሎን ግማሽ እንዲያንስ አድርገሽ ኬን ምረጪ። እስከ ኬ ያሉትን ተርሞች አብሶሉት ቫልዩ ደምሪና ኤስ በይው፤ ከዚህ ወዲያ ኤስ አይነቃነቅም። አሁን ኤንን ከኬም፣ 2 ኤስ ለኤፕሲሎን ሲካፈል ከሚገኘውም አስበልጪ። የፊተኛው ክፍል ቢበዛ ኤስ ÷ ኤን ስለሆነ ከኤፕሲሎን ግማሽ ያንሳል። በኋለኛው ክፍል ያሉት ተርሞች ከኤን አይበልጡም፤ እያንዳንዳቸው ከግማሹ ስለሚያንሱ ድምራቸው ለኤን ሲካፈልም እንደዚያው ያንሳል። አለቀ።

ሰሌዳ ጠራጊ
ማርክ የሚቆረጥበትን ልጨምር። አንደኛው «ተርሞቹ ለ0 ቅርብ ስለሆኑ አማካያቸውም ቅርብ ነው» የሚለው ነው፤ 1000ው የት ሄዶ? ሁለተኛው ረቀቅ ይላል፦ ድምሩን ኤን ግማሽ ላይ መቁረጥ። የፊተኛው ክፍል ምንጊዜም ከተርሞቹ እኩሌታውን ስለሚይዝ፣ «ሲኩዌንሱ ባውንድድ ነው» (የተርሞቹ መጠን ከአንድ ቋሚ ቁጥር አያልፍም) በሚል ብቻ ወደ 0 አይወርድልሽም። የኤን ስኩዌር ሩት ላይ ብትቆርጪው ግን ይሠራል፦ ኤን 10,000 ሲሆን ከፊት የሚቀሩት 100 ናቸው፣ ይኸውም 1 በመቶ። (እዚህ ላይ ኮንቨርጅ የሚያደርግ ሲኩዌንስ ሁሉ ባውንድድ መሆኑን መጥቀስ የግድ ነው፤ ብዙዎች ይዘሉታል።)

ፈትተሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ወዲያው አጥፈሽ አታስቀምጪው። ግልባጩ («አማካዩ ኮንቨርጅ ካደረገ ሲኩዌንሱም ያደርጋል» የሚለው) እውነት መሆኑን ሞክሪ። 1፣ −1፣ 1፣ −1 እያለ የሚሄደው ሲኩዌንስ አማካዩ ወደ 0 ይሄዳል፣ ራሱ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ግልባጩ ሐሰት ነው። የዎርክሺቱ ቀጣይ ጥያቄ ይኸው ቢሆን አይግረምሽ።

ድፍን ወረቀት
ስለ ሰዓቱ፦ በእኔ እምነት የሚቆጠረው ተቀምጦ ማሰብ ሳይሆን እጅ እየጻፈ ያለበት ጊዜ ነው። 40 ደቂቃ ያህል ጻፊ። ባለቀ ጊዜ «የሞከርኩት ይህ ነው፣ ያልሄደው በዚህ ምክንያት ነው» የሚል አንድ መስመር አስፍረሽ ወረቀቱን አጥፈሽ አስቀምጪው። ይቺን መስመር ያልጻፈ ሰው በነጋታው ያንኑ መንገድ ይደግማል። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፖዋንካሬ በ1908 (እ.ኤ.አ.) ሲናገር አንድ ሐሳብ ኩታንስ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የሕዝብ ሰረገላ ሲሳፈር ድንገት እንደመጣለት ገልጿል። ሰው የሚጠቅሰው ይህን ብቻ ነው፤ እሱ ግን ከዚያ በፊትም በኋላም ተቀምጦ መሥራት ካልኖረ ዕረፍቱ ፍሬ እንደሌለው አጥብቆ ተናግሯል።

በሁለተኛው ሙከራም ካልሆነ መልሱን በወረቀት ሸፍነሽ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አንብቢ፣ ዝጊው፣ ቀጥዪ። ሙሉውን ካነበብሽ ደግሞ ከሁለት ቀን በኋላ ሳታዪ ጻፊው። ሲነበብ የገባ ፕሩፍ (ማረጋገጫ) ሁሉ ሲጻፍ አይወጣም፤ የሚቋረጥብሽ ቦታ ያልገባሽ ቦታ ነው።

ማታ አጥኚዋ
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፦ ኬን ከኤን በፊት መምረጥ ለምን ግድ ሆነ?

ኤፕሲሎን ግማሽ
ኬ ከኤን ጋር እየተቀያየረ ከሄደ ኤስም አብሮ ያድጋል፤ ያኔ ኤስ ÷ ኤን እንዲያንስ የሚያስገድደው ነገር የለም። የስኩዌር ሩቱ መንገድ የሚተርፈው የፊተኛው ክፍል ከኤን በጣም ቀስ ብሎ ስለሚያድግ ብቻ ነው። ኬን ኤን ሲቀነስ 1 አድርገሽ ሞክሪው፤ የፊተኛው ክፍል ውስጥ ራሱ ጥያቄው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።